ለምትፈጥሪው ሀገር ጠማቂም ስጪው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ አዲስ አበባ ገብተሽ ሥራ ጀምረሽ ይሆናል። የኮምፒውተር ጨዋታ ከሚሠሩት ወጣቶች ጋር ሆነሽ በምድር ላይ የሌለ ሀገር እንደምትፈጥሪ ነግረሽኛል። ያንቺ ድርሻ የሀገሩ ሰዎች ምን እንደሚጠጡ፣ በምን እንደሚቆምሩና በበዓል ቀን ምን እንደሚጫወቱ መጻፍ መሆኑን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ጎረቤቶቻችን «ለዚህም ደመወዝ ይከፈላል?» ብለው ጠይቀውኛል። ይከፈላል፤ መከፈልም አለበት። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ሰው የሚያምነው ሀገር በምናብ ማቆም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ የምመክርሽ ነገር አለኝ።

ከመጠጡ ልጀምር። በብዙ ምናባዊ ልብ ወለዶች ውስጥ መንገደኛው መሸታ ቤት ይገባል፣ ይቀዳለታል፣ ይጠጣል፣ ከዚያ ጠብ ይነሣል። መጠጡ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። አንቺ ጠይቂ። አያትሽ እኔንና ወንድሞቼን ያሳደገችን ጠላ ሸጣ ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል። ብቅሉ ይገባል፣ እንኩሮው ይገባል፣ ድፍድፉ ይቆያል፣ ከዚያም ውሃ ተጨምሮበት እስኪደርስ ይጠበቃል። ጠላው መድረሱን አላፊ አግዳሚው የሚያውቀው በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ከተደፋው ጣሳ ነበር። ጠጪው ጣሳውን አይቶ ይገባል፤ እሷ ማገዶ ስትማግድ ያደረችውን ሌሊት ግን አያይም። ገብስ በተወደደ ዓመት ጠላው ይቀጥናል፣ ደንበኛው ያጉረመርማል፣ ዱቤውም ይበዛል። እኛ ልጆቿ የዓመቱን አዝመራ ከደንበኞቿ ፊት እናነብ ነበር።

ያንቺ ሀገር መጠጥም እህል ወይም ማር ወይም ፍሬ ይፈልጋል። ማገዶ ይፈልጋል፣ ውሃ ቀጂ ይፈልጋል፣ ሌሊት የማይተኛ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ማን ነው? ዋጋውንስ ማን ይወስደዋል? እህሉ ለእንጀራ ሳይበቃ ለመጠጥ የሚሸጥበት ክፉ ዓመት ሲመጣ ንጉሡ ምን ብሎ ያውጃል? ይህን ከመለስሽ አንድ ሰው እንኳ ገና ሳይጠጣ ታሪክ በእጅሽ ገብቷል ማለት ነው።

እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን ይህንን በሚገባ ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ በታተመው «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» መቅድም ውስጥ ሆቢት የሚባሉት ምናባዊ ፍጡራን ስለሚያጨሱት ቅጠል ብቻ የሚናገር አንድ ክፍል አለ። ቅጠሉን መጀመሪያ በአትክልት ቦታው ያበቀለው ቶቦልድ ሆርንብሎወር የተባለ የሎንግቦተም ሰው እንደሆነ፣ ይህም በእነሱ አቆጣጠር በ1070 ገደማ እንደነበር ይተርካል። መጽሐፉ ለሚተርከው ታላቅ ጉዞ ይህ ምንም አይጨምርም። ከጦርነቱ ሁሉ ይልቅ ግን ሀገሩ እውነት እንዲመስለኝ ያደረገው ይህ ነው። አንድ ገበሬ ሳይለፋበት የሚጨስ ቅጠል የለማ።

መጠጥ ማዕረግንም ይናገራል። በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ግብር ሲበላ እንግዳው እንደ ማዕረጉ በየተራ ይገባ ነበር፤ ለመኳንንቱ የሚቀዳውና ለተራው ወታደር የሚቀዳው ጠጅም አንድ አልነበረም። ጨዋታውም እንዲሁ ነው። ለገበጣ መሬት ላይ ጉድጓድ ምሶ ጠጠር መልቀም ይበቃል፤ እረኛም ይጫወተዋል። ጉግስ ግን ፈረስ ስለሚጠይቅ ፈረስ የሌለው ቆሞ ያያል። አርኪኦሎጂስቱ ሊዮናርድ ዉሊ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ኢራቅ ውስጥ ከኡር የነገሥታት መቃብር ያወጣው 20 ቤት ያለው መጫወቻ በዛጎልና በከበረ ሰማያዊ ድንጋይ ያጌጠ ነው። 4,500 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ያንን የተጫወተው ጠጠር ለቃሚ እረኛ እንዳልነበር ዕቃው ራሱ ይመሰክራል።

ደግሞ የማዕረግ ገመድ የሚላላበት ቀን አትርሺ። የገና ዕለት ሩሯን በዱላ ሲያሳድዱ ሎሌው ጌታውን ገፍቶ ቢጥለው ጌታው መቆጣት አልነበረበትም። ለሀገርሽ ሰዎችም እንዲህ ያለ ቀን ስጪያቸው። በማግስቱ ምን እንደሚሆን ጻፊ፤ ዱላው የት እንደሚሰቀል፣ ጌታው ያንን መገፋት ረስቶት እንደሆነና እንዳልሆነ።

አሁን ወደ ቁማሩ ልምጣ፤ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያስነሣኝ እሱ ነው። በ«ስታር ዋርስ» ፊልሞች ውስጥ ሃን ሶሎ ዝነኛዋን የጠፈር መርከቡን ከላንዶ ካልሪሲያን እጅ ያገኛት ሳባክ በሚባል የካርታ ጨዋታ ረትቶ ነው። ሰው የሚያስታውሰው አሸናፊውንና መርከቧን ነው። ወጣት ደራሲም ቁማር ሲጽፍ ዓይኑ በአብዛኛው ወደ አሸናፊው ይሄዳል፤ ጠረጴዛው ያበራል፣ ሳንቲሙ ይንኳኳል፣ ደፋሩ ያለውን ሁሉ መድቦ ይበላል። እኔ ግን የቁማርን እውነት ያገኘሁት በጥንቱ የሕንድ ታሪክ በማሃባራታ ውስጥ ነው። ዩዲሽትራ ጻድቅ ንጉሥ ነው፤ በእውነተኛነቱ የታወቀ። ለዳይስ ጨዋታ ሲጠሩት እንቢ ማለትን ውርደት አድርጎ ያየዋል። ተጋጣሚው ሻኩኒ በተንኮል ይጫወትበታል። ዩዲሽትራ ሀብቱን ያስበላል፣ መንግሥቱን ያስበላል፣ ወንድሞቹን አንድ በአንድ መድቦ ያስበላል፣ ራሱንም ያስይዛል። በመጨረሻም የእሱና የወንድሞቹ ሚስት የሆነችውን ድራውፓዲን ይመድባታል፤ እሷንም ተበላ። አስተውይ፣ ይህን ያደረገው ክፉ ሰው አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው ታሪኩን ታላቅ ያደረገው። ድራውፓዲ «መጀመሪያ ራሱን ከተበላ እኔን የማስያዝ መብት ከየት አገኘ?» ብላ ትጠይቃለች። አዳራሹ በሽማግሌና በአዋቂ የተሞላ ነበር፤ ከታላላቆቹ አብዛኞቹ ግን ቁርጥ ያለ መልስ ሊሰጧት አልደፈሩም። ልጄ ሆይ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ሳትቀመጥ የተበላች ሴት በየሀገሩ አለች። እኛም ሰፈር የወር ደመወዙን በካርታ ወይም በኳስ ውርርድ አስበልቶ ማታ የሚገባ አባወራ አለ፤ በማግስቱ ጠዋት ለልጆቹ ደብተር መግዣ የምትበደረው ሚስቱ ናት። ቁማር ስትጽፊ ከጠረጴዛው ተነሥተሽ ቁማርተኛውን ተከትለሽ ቤቱ ድረስ ግቢ። በሩን ማን እንደከፈተለት፣ ምን ብሎ እንደዋሸ ጻፊ። ያንን ቤት ካልጻፍሽው ቁማሩን አልጻፍሽውም።

ቁማር ሥልጣን ሊሆንም ይችላል። ኢየን ባንክስ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው «ዘ ፕሌየር ኦፍ ጌምስ» ልብ ወለድ ውስጥ አዛድ የሚባል ጨዋታ አለ፤ በእሱ ያሸነፈ ሰው የግዛቱ ንጉሠ ነገሥት ይሆናል። ፈልገሽ አንብቢው፤ አንድ ጨዋታ የአንድን ሕዝብ ጭካኔ ሁሉ እንዴት እንደሚገልጥ ታያለሽ።

ዕጣ ሁሉ ግን ቁማር አይደለም። የኛን ዕቁብ ተመልከች። ወረቀት ይጠቀለላል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ልብ ይመታል፣ እልልታም አለ። ግን ማንም ባዶ እጁን አይቀርም፤ ዛሬ ያልደረሰው በተራው ይደርሰዋል፣ የበላ እንዳይጠፋም ዋስ ይጠራል። በአንዱ ሰፈር ዕጣ ቤት ያፈርሳል፣ በሌላው ሰፈር ቤት ይሠራል። ሁለቱን በአንድ ከተማ ውስጥ ብታኖሪያቸው፣ አንድ ሰው ደግሞ የዕቁብ ገንዘቡን ይዞ ወደ ቁማር ቤቱ ሲሄድ ብታሳዪን፣ ዘንዶና ጠንቋይ ሳያስፈልግሽ አንባቢውን ታስጨንቂዋለሽ።

የመጨረሻው ምክሬ ስለ መጻፍ ብቻ አይደለም። ሥራሽ ልብ ወለድ ቢሆንም ተጫዋቹ እውነተኛ ነው። ዛሬ በብዙ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ውስጥ ሉት ቦክስ የሚሉት የተዘጋ ሣጥን አለ። ተጫዋቹ በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛዋል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ሳይከፍተው አያውቅም። ሰይፍ ሊወጣው ይችላል፣ እርባና የሌለው ነገርም ሊወጣው ይችላል፤ ስለዚህ ሌላ ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ2018 የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አንዳንድ ጨዋታዎችን መርምሮ እንዲህ ያሉት ሣጥኖች የሀገሩን የቁማር ሕግ እንደሚጥሱ ወስኗል። ትክክል ፈርዷል እላለሁ። አንቺ በፈጠርሽው ሀገር ያለው ቁማርተኛ የሚያስበላው የልብ ወለድ ወርቅ ነው። ሣጥኑን የሚከፍተው የ12 ዓመት ልጅ ግን የእናቱን ስልክ ይዞ ነው፤ ከስልኩ የሚወጣውም የጉልት ንግዷ ገንዘብ ነው።

አንድ ቀን አለቃሽ መጥቶ «ለሣጥኑ የሚያጓጓ ታሪክ ጻፊለት፣ ገቢያችን ከዚያ ነው» ይልሽ ይሆናል። በጨዋ አንደበት፣ በአክብሮት እንቢ በይው። የጨዋታውን ዋጋ በግልጽ ቆርጦ መሸጥ እንደሚቻል አስረጂው፤ የቁማር ቤቱን ታሪክ እንደምትጽፊለት፣ ቁማር ቤቱን ራሱን ግን እንደማትሠሪለት ንገሪው። በዚህ ምክንያት ከሥራ ብትወጪ ከእኔም ከእናትሽም አንዲት የወቀሳ ቃል አትሰሚም፤ አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው። ለራስሽም ተጠንቀቂ፤ ደመወዝ በገባ ማታ ጓደኞችሽ ሲጠሩሽ ሂጂ፣ ተጫወቺ፣ አታብዢ፣ የቤት ኪራይሽን ግን አስቀድመሽ ክፈይ።

የሀገርሽን የመጀመሪያ ምዕራፍ ጽፈሽ ስትጨርሺ ላኪልኝ። መጀመሪያ የምፈልገው ጠማቂዋን ነው።

እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ፣ በሄድሽበት መልካም ሰው ያጋጥምሽ።

አባትሽ