ደብዳቤ የሚጽፉት ፕሬዝዳንት

ኮሊን ባሬት እ.ኤ.አ. በ1967 በቴክሳሷ ሳን አንቶኒዮ ከተማ የአንድ ጠበቃ ጸሐፊ ሆነው ሥራ ጀመሩ። ከአንዲት ትንሽ የቬርሞንት ከተማ የወጡ፣ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ያጠናቀቁ ወጣት ነበሩ። ጠበቃው ኸርብ ኬለኸር ናቸው፤ በዚያው ዓመት ከአንድ ደንበኛቸው ጋር ሆነው አዲስ አየር መንገድ ለማቋቋም ይሯሯጡ ነበር። ተፎካካሪዎች ጉዳዩን ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ስላንከራተቱት፣ ዛሬ ሳውዝዌስት ተብሎ የሚታወቀው ድርጅት የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በ1971 ነው። በ2001 ባሬት የዚሁ አየር መንገድ ፕሬዝዳንት ሆኑ። በአንድ ትልቅ የአሜሪካ አየር መንገድ ይህን ወንበር የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።

አብራሪ አልነበሩም፤ መሐንዲስም፣ የሒሳብ ባለሙያም አልነበሩም። ወደ ላይ ያወጣቸው ሰውን ማዳመጥና ለጠየቀ ሁሉ በጊዜው መልስ መስጠት ነው። በሰው ሀብት አስተዳደር ሙያ ለማደግ የሚያስብ ሁሉ የእሳቸውን መንገድ ቢያጠና የሚያተርፈው ብዙ ነው።

ባሬት ስለ መጀመሪያዎቹ የሥራ ዘመናቸው ሲናገሩ ያነሱት የነበረ አንድ ሌሊት አለ። በማግሥቱ መላክ ያለበት ብዙ ደብዳቤ ነበር፤ ሥራው ተበላሽቶ እንደ አዲስ መዘጋጀት ግድ ሆነ። ኬለኸር «ጨርሰሽ ጠብቂኝ» ብለው ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ከጸሐፊያቸው ጋር ወለሉ ላይ ተቀምጠው እስከ ሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ ፖስታ ሲያሽጉና ቴምብር ሲለጥፉ አመሹ። ባሬት ስለ አመራር ሲጠየቁ ይህንን ሌሊት ይተርኩ ነበር።

ይህን ዓይነቱን አለቃ በጽሑፍ ያስተዋወቁት ሮበርት ግሪንሊፍ ናቸው። በስልክ ኩባንያው በኤቲ ኤንድ ቲ ከ1926 እስከ 1964 ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ እውነተኛ መሪ ከሁሉ አስቀድሞ አገልጋይ ነው ሲሉ ተከራከሩ። መመዘኛቸውም ግልጽ ነበር፦ በመሪው ሥር ያሉት ሰዎች አድገዋል ወይ? በራሳቸው የሚተማመኑ፣ ነገ እነሱም በተራቸው ሌላውን ለማገልገል የሚነሱ ሆነዋል ወይ? በዚህ መመዘኛ ጥሩ ጠባይ ብቻውን አያሳልፍም። ፈገግ ብሎ የሚያሳልፍ፣ ክፉ ዜና ሲመጣ ግን የሚሰወር አለቃ ሠራተኛውን አላገለገለውም።

ባሬት የግሪንሊፍን ሐሳብ የዕለት ሥራ አደረጉት። ልጅ ለተወለደለት፣ ለታመመ፣ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ ካርድ ይላክ ነበር፤ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር። ከመንገደኞች ለሚመጣ ቅሬታም መልስ ይጻፍ ነበር። መንገደኛው ተሳስቶ ሠራተኛውን ከበደለ ግን ድርጅቱ ከሠራተኛው ጎን ይቆም ነበር፤ ምክንያቱም በእነሱ ቅደም ተከተል ሠራተኛ አንደኛ፣ መንገደኛ ሁለተኛ፣ ባለ አክሲዮን ሦስተኛ ነበር። በ1990 ባሬት ከየሥራ ዘርፉና ከየከተማው የተውጣጡ ሠራተኞች ያሉበት የባህል ኮሚቴ አቋቋሙ። ዋናው መሥሪያ ቤት በየጣቢያው ያለውን ብሶት በቀጥታ የሚሰማበት አንዱ መንገድ ይኸው ነበር።

ፈተናው የመጣው ባሬት ፕሬዝዳንት በሆኑ በሦስተኛው ወር ነው። ከመስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001) የሽብር ጥቃት በኋላ የአሜሪካ ሰማይ ለቀናት ተዘጋ፤ ሌሎች አየር መንገዶች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን አሰናበቱ። ሳውዝዌስት አንድም ሰው አልቀነሰም፤ ለሠራተኞቹ የትርፍ ድርሻቸውንም ከፈለ። በቅርብ ጊዜ ደግሞ ተቃራኒው ታየ። ባሬት እ.ኤ.አ. በ2008 ከፕሬዝዳንትነት ወርደው በ2024 አረፉ፤ በ2025 መጀመሪያ ድርጅቱ 1,750 የሚሆኑ የቢሮ ሠራተኞችን እንደሚቀንስ አስታወቀ። በታሪኩ የመጀመሪያው የጅምላ ቅነሳ ነበር። እንዲህ ያለ ባህል አንዴ ተገንብቶ የሚተው ሳይሆን፣ በየዓመቱ ሰዎች ቆመው ሊሟገቱለት የሚገባ ነገር መሆኑን ይህ ውሳኔ በደንብ ያሳያል።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ የሰው ሀብት ባለሙያ ሩቅ ወሬ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ራሱ ብዙ ቦታ ላይ ስለ መነጋገር ይደነግጋል። የሥራ ውል ማቋረጫ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ምክንያቱንና ውሉ የሚያበቃበትን ቀን እንዲገልጽ፣ ለሠራተኛው በእጁ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ሠራተኛው ካልተገኘ ወይም አልቀበልም ካለ ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃም ውለታ አይደለም፤ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ የሠራውን ሥራ፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ጠቅሶ ያለ ክፍያ ሊሰጠው ይገባል። ሆኖም በስንት መሥሪያ ቤት ይህችን አንዲት ገጽ ለማግኘት ሰው «ነገ ና» እየተባለ ይመላለሳል! የሚያመለክትበት የሥራ ቦታ የማመልከቻ ቀን እስኪያልፍበት ድረስ የሚንከራተት አለ። ደብዳቤውን በዕለቱ አዘጋጅታ፣ ማኅተም አስመትታ፣ «መልካም ዕድል» ብላ የምትሸኝ ሠራተኛ ግሪንሊፍ የጻፉትን በተግባር እየሠራች ነው።

የሙከራ ጊዜንም እንይ። ሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል። በብዙ ቦታ አዲሱ ሠራተኛ ስለ ሥራው ምንም ሳይሰማ ይከርምና በመጨረሻው ሳምንት «አልተስማማኸንም» ይባላል። ጎበዝ የሰው ሀብት ባለሙያ ግን በሃያኛውና በአርባኛው ቀን አካባቢ የቅርብ አለቃውንና ሠራተኛውን አንድ ጠረጴዛ ላይ ታገናኛለች፤ የጎደለው ምን እንደሆነ በግልጽ ይነገረዋል፤ ለማረምም ጊዜ ይኖረዋል። ቢሰናበት እንኳ ለምን እንደሆነ አውቆ ይሄዳል።

ቋንቋ ደግሞ ለብቻው ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ለብዙዎቹ የመጀመሪያ ቅጥራቸው ነው፤ አፍ የፈቱትም በሲዳምኛ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የመጀመሪያው ደመወዝ ሲከፈል ከሁሉ በፊት የሚመጣ ጥያቄ «ከገንዘቤ ላይ ለምን ተቆረጠ?» የሚል ነው። መልሱ ቀላል ነው፦ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛዋ ይቆረጣል፣ አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምርበታል፣ እንደ ደመወዙ መጠንም ግብር አለ። ይህ ካልተነገራት ግን ተዘርፋለች ብላ ታምናለች፤ ለጓደኞቿም ትናገራለች፤ ወሬው ከመስመር መስመር እየተዛመተ በሳምንቱ የሥራ ማቆም አድማ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በዚህ ሙያ የጀመረች ወጣት መጀመሪያ ልትይዘው የሚገባው ልማድ በጣም ቀላል ነው። በደመወዝ ማግሥት ወደ ማምረቻው አዳራሽ ወርዳ፣ የደመወዝ ወረቀቱን በሠራተኞቹ ቋንቋ ማስረዳት፤ የተጠየቀችውን ሁሉ በደብተር መመዝገብ፤ መልስ ላልሰጠችበት ጥያቄ ደግሞ የምትመለስበትን ቀን ተናግራ በዚያው ቀን መገኘት። ጥቂት ወራት ስትሠራ ደብተሩ የትኛው ፈረቃ ላይ የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንደሚጓደል፣ የትኛው አለቃ ሥር ሰው እንደማይበረክት ያሳያታል። ሥራ አስኪያጁ ስለ ሠራተኛ ፍልሰት ስብሰባ ሲጠራ፣ ከግምት ያለፈ ነገር ይዛ የምትገባው እሷ ትሆናለች።