የተሰፋ ልብስ የማያሳፍርበት አገር

የዛሬው ወጋችን ከሸገር ራቅ ይላል። ደብረ ማርቆስን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አልፋችሁ ወደ ባሕር ዳር ስታቀኑ አዊ ትገባላችሁ። መጀመሪያ የድሮዋ ኮሶበር፣ የዛሬዋ እንጅባራ፤ ቀጥሎ ዳንግላ። እንጅባራ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች ብርዱ ቀልድ አያውቅም። ጠዋት ያለ ጋቢ መውጣት ድፍረት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚያው እንጅባራ አንዲት እናት ቤት ተከራይቼ ሰንብቼ ነበር። የዘንገና ሐይቅን ውበት ሁሉም ያወራዋል። እኔን የገረመኝ ግን የሴትዮዋ የልብስ ሂሳብ ነው!

ሂሳቡ እንዲህ ነው። አራት ድርብ የሆነው አዲስ ጋቢ ለበዓልና ለለቅሶ ብቻ ይወጣል። ሲያረጅ የሌሊት ልብስ ይሆናል። ሲሳሳ ደህና ደህናው ተቆርጦ ሕፃን ይጠቀለልበታል። የመጨረሻዋ እራፊ ደግሞ የምጣድ ማሰሻ! «እንዴት እጥለዋለሁ? በእጄ የፈተልኩት እኮ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጥጡ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ ባዘቶ ሆኖ፣ በእንዝርት ተፈትሎና ሸማኔ ቤት ደርሶ ነው ጋቢ የሚሆነው። ይህን ድካም ያየ ሰው ለመጣል አይቸኩልም።

ታዲያ እዚህም ቤት ጠብ አለ። አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው የዩኒፎርሟ ክርን ተቀዶ አዲስ ይገዛልኝ አለች። «ድሪቶ ለባሽ ይሉኛል!» ብላ አለቀሰች። እናት ያላቸው ብር የእቁብ ነው፤ እሱም ለትምህርቷ የተቀመጠ። «የሚያሳፍረው የተቀደደው ነው እንጂ የተሰፋው አይደለም» ብለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰዱት። ሰውዬው ክርኑን ጣፈ፤ የነተበውን ኮሌታ ፈትቶ ገለበጠው። ልጅቷ ለበሰችው። ግን ሹራብ ደረበችበት!

ዳንግላም ስደርስ ያው ነው። መኪናቸውን በረንዳ ላይ የዘረጉ ልብስ ሰፊዎች ሱሪ ያስረዝማሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ።

እኛስ? የተቀደደ ጂንስ በውድ እንገዛለን፤ የተሰፋ ጂንስ ግን ያሳፍረናል። ልባሽ ጨርቅ ማስገባት በሕግ ቢከለከልም ከቦንዳው እየመረጥን የሰው አገር ሰው የጣለውን እንለብሳለን። የራሳችንን ደግሞ አንድ ቁልፍ ስለወደቀ ብቻ እንጥላለን። ይሄ ዘመናዊነት ነው እንዴ?

ልጅቷን አልፈርድባትም። በዚያ ዕድሜ የጓደኛ ዓይን ከብርድ ይብሳል። ግን ደፍሮ የሚጀምር አንድ ሰው ቢኖር ሹራቡ ባላስፈለገ ነበር። ያ አንድ ሰው ከመካከላችን ቢወጣስ? መርፌና ክር ዋጋቸው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። ካያያዝ ይቀደዳል ካነጋገር ይፈረዳል ይላሉ አበው። እናም ወዳጆቼ፣ ቀዳዳው ሳይሰፋ ስፉት!

ቸር እንሰንብት።