ዘይቱ ለምን በዛ?

የመኪና ዘይት ሲጎድል የሚደነግጥ ብዙ ነው፤ ሲበዛ የሚደነግጥ ግን ጥቂት ነው። አባቴም ሞተሯ ከኋላ የሆነው አሮጌ ቮልስዋገናቸው ዘይቷ ከመለኪያው ምልክት በላይ ሲሆን ደስ አላቸው። «እኔ ስከሳ እሷ ወፈረች» እያሉ ይቀልዱ ነበር። መለኪያውን አውጥቼ ሳሸተው ግን ቤንዚን ቤንዚን ሸተተኝ።

ይህ ሞተር የሚይዘው 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ነው። የቤንዚን ፓምፑ ውስጥ ያለው ስስ ላስቲክ ከዕድሜ ብዛት ሲቀደድ ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይቱ ይቀጥናል፤ ብረት ከብረት ይፋተጋል። የቤንዚኑ ትነትም እሳት ሊያስነሳ ይችላል። አባቴ ደግሞ የልጅ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሱት በዚችው መኪና ነው።

«አባባ፣ ዛሬ ባትነሳ ይሻላል» አልኳቸው።

«30 ዓመት ነድቻታለሁ!» ብለው ተቆጡ።

አልተከራከርኩም፤ መለኪያውን አፍንጫቸው አጠገብ አደረስኩት። ዝም ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

መካኒኩ መጀመሪያ ፓምፑን ቀየረ፤ ካርቡራተሩም ቤንዚን እንደማያሳልፍ አረጋገጠ። አሮጌውን ዘይት አፍስሶ አዲስ የሞላው ከዚያ በኋላ ነው። ምንጩ ሳይዘጋ ዘይት መቀየር ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

እናንተም ቤት አሮጌ መኪና ካለ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ዘይቱን ለኩ፤ አሽትቱትም። ሳትጨምሩበት ከጨመረ ቁልፉን አታዙሩ። የሚነዱት አባት ከሆኑ ደግሞ ለብቻቸው ንገሯቸው፤ በልጅ ልጆቻቸው ፊት አይሁን።