ሁለተኛው ቁልፍ በማን እጅ ነው?

አንድ ቤተሰብ መኪና ሲገዛ የማይጠይቀው ነገር የለም። ሞተሩ ጤነኛ ነው ወይ? ጎማው ስንት ጊዜ ያስኬዳል? ሊብሬው ንጹሕ ነው ወይ? ነዳጅ ይበላል ወይ? የሚያውቅ ሰው ይጠራል፤ መካኒክ ይማከራል፤ ይጸለይበታል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሻጩ ከኪሱ አንድ ቁልፍ አውጥቶ ይሰጣል፤ ገዢውም አመስግኖ ይቀበላል። «ሁለተኛው ቁልፍስ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ሰው ነው። መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ቁልፍ ጋር ይወጣል። አገልግሎ ባሕር ተሻግሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ አብሮት የሚደርሰው አንዱ ብቻ ነው። ይህን ልብ የምንለው ችግር ሲመጣ ነው።

ስለ መኪና ቁልፍ የምጽፈው መካኒክ ስለሆንኩ አይደለም፤ ነርስ ነኝ። በእኛ ቤት ግን የቁልፍ ነገር የትዳር ነገር ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የምንኖረው አሶሳ ነው። ባለቤቴ የሚያስተምረው ጾሬ ነው፤ ከጦርነት ሸሽተው ድንበር የተሻገሩ ወገኖች የተጠለሉበት የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ባለበት ስፍራ። ሰኞ ማለዳ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ይሄዳል፤ ዓርብ ማታ ይመለሳል። የእኛ መኪና፣ ከአውሮፓ አገልግላ የመጣችው ቶዮታ ኮሮላ፣ ሳምንቱን ሙሉ ግቢያችን ውስጥ ቆማ ትሰነብታለች። ትምህርት ቤቱም፣ ገበያውም፣ የምሠራበት ጤና ጣቢያም ቅርብ ስለሆነ በአዘቦት ቀን መኪና አያስፈልገኝም። መንጃ ፈቃድ ግን አለኝ። ባለቤቴም ይህን አስቦ አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ አዲስ ያስቀረጸውን ቁልፍ ይዞልኝ መጣ። በሩ ላይ ሞከረው፤ ከፈተ። «ይኸው፣ ይህ የአንቺ ነው፤ ለክፉ ቀን ይሁንሽ» አለኝ። ዋናው ቁልፍ ከቤትና ከቢሮ ቁልፎች ጋር በአንድ ቀለበት ታስሮ ከእርሱ ጋር ወደ ጾሬ መመላለሱን ቀጠለ።

ክፉው ቀን በአንድ የክረምት ረቡዕ ሌሊት መጣ። ትንሿ ልጃችን ሰውነቷ እንደ እሳት ነደደ፤ ትንቀጠቀጥ ጀመር። በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ትኩሳት ሲመጣ ወባ ሊሆን እንደሚችል ማንም ያውቃል፤ በሕፃን ላይ ሲሆን ደግሞ እስኪነጋ አይጠበቅም። ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ መኪናው ውስጥ አስተኛኋትና ያንን ቁልፍ አስገብቼ አዞርኩ። ሞተሪኖው ዞረ፤ ሞተሩ ለአንድ አፍታ ተነሣና ጠፋ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ተነሣና ጠፋ። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ወደ ጾሬ ስልክ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። «ጌታ ሆይ!» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረኝም።

የሞተሩን ድምፅ የሰማው ባጃጅ ነጂው የበርታ ተወላጅ ጎረቤታችን ባትሪ እያበራ መጣ። «እህቴ፣ ምን ሆናችሁ?» አለኝ። መልሴን ሳይጨርስ ባጃጁን አስነሥቶ ከደጃችን አቆመ። በዝናቡ መካከል ሆስፒታል አደረሰን፤ ሂሳብም አልቀበልም አለ። ምርመራው ወባ መሆኑን አሳየ፤ መድኃኒት ተጀመረላት። ሊነጋጋ ሲል ትኩሳቷ ቀዘቀዘ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ቁልፍ ሁሉ አንድ አይደለም

በማግስቱ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሽያን አስጠራሁ። ቁልፉን ተቀብሎ በጣቶቹ መካከል አገላብጦ አየና ፈገግ አለ። «እህቴ፣ ይህ የበር ቁልፍ እንጂ የሞተር ቁልፍ አይደለም» አለኝ። ያን ቀን ከእርሱ የሰማሁትንና ከዚያ በኋላ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን በቀላል ቋንቋ ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ዓይነት ከጫፍ እስከ ጫፍ ብረት ብቻ የሆነው ቁልፍ ነው። የጥንቱ ዲኤክስ ኮሮላ፣ የድሮዎቹ ላንድክሩዘሮችና አይሱዙዎች፣ ባጃጁም ጭምር በዚህ ይነሣሉ። ጥርሱ በትክክል ከተቀረጸ ሌላ የሚጠይቅ የለም። አንድ ነገር ብቻ ይታወቅ፦ ካለቀ ቁልፍ የተቀረጸ ቁልፍ አልቆ ይወለዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከዋናው ይቀረጽ እንጂ ከቅጂው ቅጂ አይቀረጽ። ከብዙ መኪኖች ጋር ከፋብሪካ የምትመጣ፣ የቁልፍ ቁጥር የታተመባት ትንሽ ብረት አለች። ይህ ቁጥር ካለ፣ ዋናው ቢያልቅም እንኳ ባለሙያ ጥርሱን እንደ አዲስ ሊያወጣው ይችላል።

ሁለተኛው ዓይነት የእኛ መኪና ቁልፍ ነው። ላዩ ሲታይ ከመጀመሪያው ብዙም አይለይም። ግን ጥቁሩ የላስቲክ ራስ ውስጥ ከባቄላ ፍሬ ያነሰች ቺፕ ተቀብራለች። ባትሪ የላትም። ቁልፉ ሲገባ፣ በቁልፍ ማስገቢያው ዙሪያ የተጠመጠመው ሽቦ ኃይል ይሰጣትና መለያዋን ትናገራለች። የመኪናው ኮምፒውተር መለያዋን ካወቀው ሞተሩን ይፈቅዳል፤ ካላወቀው ነዳጁን ወይም ብልጭታውን ይዘጋል። ይህ የመጣው ሌባን ለመከላከል ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አዲስ መኪና ሁሉ እንዲህ ያለ መከላከያ እንዲኖረው ሕግ ግድ አለ፤ ካናዳም እ.ኤ.አ. በ2007 ተከተለች። ስለዚህ ከእነዚያ አገሮች አገልግሎ የመጣ መኪና ያለው ሰው ቁልፉ ብረት ብቻ ነው ብሎ አያስብ። የእኔ ቁልፍ ጥርሱ ትክክል ነበረ፤ ውስጡ ግን ባዶ ነበረ። ቀይዋ መብራት የምትለኝም «አላውቅሽም» ነበር።

ሦስተኛው ሪሞት ያለበት ቁልፍ ነው። ብዙ ሰው የሪሞቱ ባትሪ ሲያልቅ መኪናው የማይነሣ ይመስለዋል። በአብዛኛው እንዲህ አይደለም። ሪሞቱ የሚያገለግለው ለበሩ ነው፤ ሞተሩን የምታስፈቅደው ቺፕ ብቻዋን ትሠራለች። በሩን በብረቱ ከፍቶ ማስነሣት ይቻላል።

አራተኛው ከኪስ ሳይወጣ የሚሠራው፣ ሞተሩ በቁልፍ ፈንታ በአዝራር የሚነሣበት ነው። የዚህ ባትሪ ሲደክም መደናገጥ አያስፈልግም። በውስጡ የተደበቀች ትንሽ የብረት ቁልፍ አለች፤ በእርሷ በሩ ይከፈታል። ከዚያም በብዙዎቹ መኪኖች ቁልፉን ራሱን ከማስነሻው አዝራር ጋር አስጠግቶ ሞተሩን ማስነሣት ይቻላል።

አምስተኛው ካርድና ስልክ ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በከተሞቻችን በዝተዋል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ እንደ ባንክ ካርድ ባለ ስስ ካርድ ወይም በእጅ ስልክ ይከፈታሉ። ዘመናዊነቱ መልካም ነው። ነገር ግን ቁልፉ የባል ስልክ ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ ስልኩ በተዘጋ ቁጥር ሚስት እግረኛ ናት።

አንድ እያለ ሁለት ማድረግ

ኤሌክትሪሽያኑ ያስተማረኝ ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ አንድ የሚሠራ ቁልፍ በእጅ እያለ ሁለተኛ ማሠራት ቀላል ነው፤ ምንም ሳይኖር ግን ከባድ ነው።

አንድ ካለ መንገዱ ብዙ ነው። አንዳንድ መኪና ዋናውን ቁልፍ ካየ በኋላ አዲሱን በጥቂት እርምጃዎች ይመዘግባል። ሌላው በመሪው ሥር ባለው መሰኪያ በኩል በመሣሪያ ይመዘገባል። ደግሞም የዋናውን ቺፕ መለያ ወደ ባዶ ቺፕ የሚገለብጡ ባለሙያዎች አሉ። ለዚህ ለሦስተኛው መኪናው መሄድ እንኳ አያስፈልገውም፤ ቁልፉ ብቻ ይሄዳል።

ሁሉም ከጠፋ ግን መኪናው የሚያውቀው ምስክር የለውም። እንደ መኪናው ዓይነት የሞተሩን ኮምፒውተር ወይም የመከላከያውን ሳጥን ፈትቶ ማስታወሻውን ማጽዳት፣ አለዚያም መቀየር ይመጣል። መኪናው ወደ ባለሙያው በጎታች ይሄዳል ወይም ባለሙያው መሣሪያውን ይዞ ወደ መኪናው ይመጣል። አዲስ አበባ ላለ ሰው ይህ የአንድ ቀን መጉላላት ሊሆን ይችላል። ለአሶሳ ሰው ግን በነቀምት በኩል ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። ይህ መንገድ ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በጸጥታ ምክንያት የተዘጋባቸው ጊዜያት እንደነበሩ የእኛ አካባቢ ሰው ያውቃል።

ባለቤቴ ከዚያ ሌሊት ጥቂት ሳምንታት በኋላ ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲሄድ ዋናውን ቁልፍ ይዞ ሄደ። ሶማሌ ተራ አካባቢ አንድ ባለሙያ አገኘ። ሰውየው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ሊብሬና መታወቂያ ጠየቀው። ባለቤቴ ቅጂውን ይዞ ስለነበር አሳየው። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ሳይጠይቅ የሚሠራ ሰው ለሌባም ይሠራልና። ቺፑ ተገለበጠ፤ ጥርሱም ተቀረጸ። ባለቤቴ ሲመለስ ዋናውን ኪሱ ውስጥ ትቶ አዲሱን ሰጠኝና «አንቺ አስነሺ» አለኝ። ሞተሩ ተነሣ፤ ቀይዋም መብራት ጠፋች።

በመካከላችን የተነጋገርነው

ከልጃችን ሕመም በኋላ በነበረው ዓርብ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ነበር። ልወቅሰው አልፈለግሁም፤ ቁልፉን ያስቀረጸልኝ በፍቅር ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁት፦ «መኪናዋ የሁለታችን ናት እንላለን። የሚያስነሣው ቁልፍ ግን ሁልጊዜ ጾሬ ነው። ታዲያ መኪናዋ የማን ናት?»

ብዙ ዝም አለ። ከዚያም ስለ መሥሪያ ቤቱ ነገረኝ። እዚያ እያንዳንዱ መኪና ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ በሾፌሩ እጅ ነው፤ ሌላው የመኪናው ታርጋ ተጽፎበት ቢሮ ባለ ሳጥን ውስጥ ይሰቀላል። የወሰደ ይፈርማል። «መሥሪያ ቤት ለመኪናው የሚያደርገውን እኔ ለቤቴ አላደረግሁም» አለኝ። እኔም ከዚያ በላይ አልተናገርኩም።

ይህ የእኛ ቤት ብቻ ጉዳይ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በማኅበረ ምእመናን መካከል የማውቃቸው አንዲት እናት ባለቤታቸው በድንገት ሲያርፉ የመኪናው ቁልፍ አብሮ ጠፋባቸው። ለቅሶ ደራሹ በበዛበት ግርግር ማን እንዳነሣው ሳይታወቅ ቀረ። ሁለተኛ ቁልፍ ይኑር አይኑር እርሳቸው አያውቁም፤ የሚያውቁት እርሱ አርፈዋል። መኪናው ጎማው እስኪተነፍስ ድረስ ደጃፋቸው ቆመ። እትዬ ያዘኑት ለመኪናው አይደለም። «ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረን፣ ይህንን ሳልጠይቀው!» ይሉ ነበር።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ በተለይ ባለ ትዳሮች፣ የሚከተለውን አድርጉ እላለሁ። መኪና ስትገዙ ሁለተኛውን ቁልፍና የቁልፉን ቁጥር ጠይቁ፤ ከሌለ ከዋጋው ተነጋገሩበት። አንድ ብቻ ካላችሁ ይህ ወር ሳያልፍ ሁለተኛ አሠሩ። የተሠራውንም በበሩ ላይ ብቻ አትሞክሩ፤ ሞተሩን አስነሥታችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ፤ ከተቻለም በሰፈር ዙሩበት። የቁልፉ ራስ ከተሰነጠቀ ቺፕዋ ሳትወድቅ አሳዩት። አንድ ቁልፍ ከተሰረቀ ደግሞ ባለሙያው ያንን ቁልፍ ከመኪናው ማስታወሻ ላይ መሰረዝ ይችል እንደሆነ ጠይቁት። ሁለቱን ቁልፎች በአንድ ቀለበት አትሰሩ፤ አብረው የታሰሩ አብረው ይጠፋሉ።

ዛሬ በእኛ ቤት አንዱ ቁልፍ ከባለቤቴ ጋር ሰኞ ማለዳ ወደ ጾሬ ይሄዳል። ሌላው ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ታላቁ ልጃችንም ቦታውን ያውቃል። ጎረቤታችንም አልፎ አልፎ እያላገጠ «እህቴ፣ ባጃጄን ሥራ አስፈታሽው!» ይለኛል።

ባል ለሚስቱ «የእኔ ሁሉ የአንቺ ነው» ማለቱ መልካም ቃል ነው። ቃሉ እውነት መሆኑ የሚታወቀው ግን እርሱ በሌለበት ሌሊት ሞተሩ ሲነሣ ነው።