ያልተከደነው በርሜል

በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ወባ በበጋ ወራት ተነሣብን። እኛ የምናውቀው ወባ ከዝናብ በኋላ፣ ረግረግ ባለበት ገጠር ነበር። ባለሙያዎች ግን አኖፌለስ ስቴፈንሲ ስለምትባል የወባ ትንኝ ነገሩን። በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው ቀብሪ ደሃር ላይ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ በርሜል፣ ሮቶና ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል።

ከቤተ ክርስቲያናችን ጥቂት ወንድሞችና እህቶች ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ገንደ ቆሬ ውስጥ ቤት ለቤት መዞር ጀመርን። በባትሪ እያበራን በየበርሜሉ ውስጥ እጭ እንፈልጋለን። አንዲት እናት በርሜላቸውን ያዝ አድርገው፣ "ልጆቼ፣ እባካችሁ እንዳትደፉት! ስንት ቀን ጠብቄ ያጠራቀምኩት ነው" አሉን። እውነታቸውን ነው። ውሃውን በነጠላ አጠለልን፤ በርሜሉን ፈግፍገን አጠብን፤ መልሰን ሞልተን አፉን በጨርቅ ጥብቅ አድርገን አሰርንላቸው። ከዚያም አብረን ጸልየን ወጣን።

አንድ ቅዳሜ እንዲህ አገልግዬ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። ግቢዬ ውስጥ የምትኖረው ተከራዬ ልጇን አቅፋ በር ላይ ተቀምጣለች። ልጁ ይንቀጠቀጣል። እጄን ጭኜ ጸለይኩለት፤ ወዲያው ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ሲመረመር ወባ ነው።

ማታ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ባትሪዬን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ለሰርቪስ ቤቱ ግንባታ ውሃ የሞላሁበት በርሜል ክፍቱን ቆሟል። ሳበራበት እጩ ይርመሰመሳል።

ልጁን የነከሰችው ትንኝ ከእኔ በርሜል መውጣቷን ማረጋገጥ አልችልም። አለመውጣቷንም አልችልም። በዘጸአት 21 ላይ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው የሌላው ከብት ቢገባበት እንዲከፍል የተሰጠው ሕግ ትዝ አለኝ። እግዚአብሔር ለበሬና ለአህያ እንዲህ ከተጠነቀቀ፣ ለዚህ ሕፃንማ እንዴት አብልጦ አይጠይቀኝም? በዚያ ሌሊት በጌታ ፊት አለቀስኩ።

በማግስቱ ተከራዬን ይቅርታ ጠየቅኋት። አንገቷን ደፍታ፣ "እትዬ፣ እኔም አይቼው ነበር። የእርስዎ ስለሆነ ምን ብዬ ልናገር?" አለችኝ።

ከበርሜሉ ይልቅ ይህ ቃል ወጋኝ። በሰው ደጅ ቆሜ አስተምራለሁ፤ በገዛ ግቢዬ ያለችው እህቴ ግን ልትናገረኝ ትፈራለች።

ልጁ መድኃኒቱን ጨርሶ ዳነ፤ ጌታ ይመስገን። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አገልግሎቱ የሚጀምረው ከእኔ ጓሮ ነው። ባትሪውን የምትይዘው እሷ ናት፤ እኔ እፈገፍጋለሁ።

ወገኖቼ፣ ለታመመ ጎረቤታችን መጸለያችንን አንተው። ስንነሣ ግን የራሳችንን በርሜል እንይ። ሳያዩን የቀረን ከመሰለንም፣ አይተው ዝም ያሉንን እንጠይቅ።