የዓመቱ መንገድ በፈረስና በእግር



ጳጉሜ ሲገባ ሁላችንም ያለፈውን ዓመት መለስ ብለን እናያለን። ገበሬው ጎተራውን ያያል። ነጋዴው ሒሳቡን ያያል። እኛ ዛሬ የምናየው መንገዳችንን ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ዓመቱን ሙሉ በፈረስ ሄደናል፤ በእግራችንም ሮጠናል። ገበያ ወጥተናል፣ ለቅሶ ደርሰናል፣ በሽተኛ አድርሰናል። ታዲያ ምን አየን? ምንስ ተማርን? እስቲ ቀስ እያልን እንነጋገር።

አገሩ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ ሰው ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር ይወጣል። እዚያ ላይ ዋናው መንገድ በዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። ወደ መንዝ የሚሄደው ሰው ግን ደጋውን አይለቅም። ሞላሌን ያያል፣ መሐል ሜዳን ያያል። ወደ ሰሜን ሲዘልቅ ግሼ ራቤል ነው። በምዕራብ በኩል፣ ከትላልቅ ገደሎች ማዶ፣ መርሐቤቴ አለ። ከተማው ዓለም ከተማ ይባላል።

የመንዝ ደጋ ከባሕር ወለል 3000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። የጀማ ወንዝ ሸለቆ ግን ከ1500 ሜትር በታች ይወርዳል። ከ3000 ላይ 1500 ሲቀነስ ስንት ይቀራል? 1500 ይቀራል። ይህን ሁሉ ሜትር መውረድ አለ፤ ተመልሶ መውጣትም አለ። ከላይ ባና ተከናንቦ የተነሳ ሰው ከታች ላቡን ይጠርጋል።

ዛሬ መኪና ወደ መሐል ሜዳም ወደ ዓለም ከተማም ይገባል። ሆኖም ከመኪና መንገድ የራቀው መንደር ብዙ ነው። እዚያ ያለ ሰው የሚተማመነው በሁለት ነገር ነው። በእግሩና በጋማ ከብቱ።

መስከረም፤ ሶምሶማ

ክረምቱ ሲወጣ ሣር ይጠግባል፤ ፈረስም ይጠግባል። ሆዱ ይሞላል፣ ጠጉሩ ያብለጨልጫል። ባለቤቱ ደስ ይለውና ኮርቻ ጭኖ ሽምጥ ሊጋልብ ያምረዋል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የጠገበ ፈረስ ሁሉ መንገድ የሚችል ፈረስ አይደለም። ክረምቱን ቆሞ የከረመ ጡንቻ ይሰንፋል። ሰውም እንደዚሁ ነው።

ጡንቻን የሚያስለምደው ሶምሶማ ነው። ሶምሶማ ከእርምጃ የፈጠነ፣ ከግልቢያ የዘገየ አካሄድ ነው። ቃሉ ለሰውም ለፈረስም ያገለግላል። እኛም በመስከረም የጀመርነው በሶምሶማ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት፣ በሁለተኛው ትንሽ ጨመር፣ በሦስተኛው ደግሞ ትንሽ ጨመር። ለሁለት ሰው አንድ ፈረስ ነበረን። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይሮጣል። ዳገት ላይ ሁለታችንም በእግራችን እንሄዳለን፤ ፈረሱ ባዶውን ይወጣል። በዚህ ዓይነት ሰውም ፈረስም ሳይደክም ሩቅ ይደረሳል።

በአሜሪካ አገር ይህንኑ አካሄድ ውድድር አድርገውታል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 ጀመሩት። አንዱ ጋልቦ ይቀድማል፤ ፈረሱን አስሮ በእግሩ ሩጫውን ይቀጥላል። ከኋላ የመጣው ፈረሱን ፈትቶ ይጋልባል። እንዲህ እየተቀያየሩ ይጨርሳሉ። አባቶቻችን በአንዲት በቅሎ ተራ በተራ ሲሄዱ ኖረዋል፤ ዋንጫ የሰጣቸው ግን የለም።

ጥቅምት፤ ወደ ጀማ መውረድ

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ጎረቤታችን ዳማ ፈረሱን ጭኖ ወደ ጀማ ወረደ። ገብስና ባቄላ ሸጦ ጤፍና ማሽላ ሊያመጣ ነው። ወንዝ አጠገብ ሦስት ሌሊት አደረ። ደህና ተመለሰ። ሳምንት ሳይሞላ ፈረሱ ተኮሰው፣ አልበላ አለ። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ አብጦ ሞላ። ከአፍንጫው ነጭ አረፋ ወረደ። በማግስቱ ሞተ። ጎረቤታችን ገበያውን አተረፈ፤ ፈረሱን ግን አጣ። የፈረሱ ዋጋ ከእህሉ ዋጋ ስንት እጥፍ እንደ ሆነ ባለ ፈረስ ያውቀዋል።

ብዙ ሰው፣ «የቆላ ዓይን ነው» አለ። ነገሩ ሌላ ነው። በቆላ ከዝናብ በኋላ በዓይን እንኳ በቅጡ የማትታይ ተናካሽ ትንኝ ትበዛለች። በሽታውን ከፈረስ ወደ ፈረስ የምታዛምተው እሷ ናት። በተለይ ማታና ንጋት ላይ ትናከሳለች። አህያና በቅሎ ከፈረስ ይልቅ በሽታውን ይቋቋማሉ። አባቶች ወደ ቆላ ሲወርዱ አህያና በቅሎ መምረጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። የበቅሎ ሰኮናም ለገደል መንገድ የጠና ነው።

ለዚህ በሽታ ክትባት አለ። ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። ክትባቱ የሚረዳው ከበሽታው በፊት ሲሰጥ ነው። ስለዚህ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው አስቀድሞ የእንስሳት ጤና ሠራተኛን ይጠይቅ። ማታ ፈረሱን ከወንዝ ዳር ያርቅ፤ ከቤት ያስገባ።

ታኅሣሥ፤ ጓሳ

በታኅሣሥ ውርጩ ይጠናል። ጠዋት ሜዳው ነጭ ጨርቅ የለበሰ ይመስላል። በዚህ ጊዜ ጓሳ ሜዳ ላይ ሮጠናል። ጓሳ ከ3200 ሜትር በላይ ነው። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳም ይሆናል። እዚያ ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ይግጣል። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ ያለው ቀይ ቀበሮም እዚያ አይጥ ሲያድን ይታያል።

የመንዝ ሰዎች ጓሳን በሥርዓት ሲጠብቁት ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ለዚህ የቆመ ሹም ነበራቸው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል። ሳይከፈት ያጨደ ሰው ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ የቄሮ ሥርዓት ቀረ። ጥበቃው ግን ጨርሶ አልጠፋም። ዛሬ ጓሳ የአካባቢው ሕዝብ የሚጠብቀው ክልል ነው። ሣር ከሌለ ፈረስ የለም፤ ይህን የመንዝ ሰው ያውቃል።

በዚህ ከፍታ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። በባሕር ዳርቻ ያለ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሦስት እጅ ኦክስጅን ቢያገኝ፣ እኛ የምናገኘው ሁለት እጅ ያህል ነው። እንግዳ ሰው እዚህ ሲሮጥ ቶሎ ያለከልካል። ደጋ ላይ የከረመ ሰው ሰውነት ግን መላ ያበጃል። ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል። የደጋ ልጅ በሩጫ የሚጠነክርበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ጥር፤ ጉግስ

ጥር የፈረስ ወር ነው። በጥምቀት ሜዳው በፈረሰኛ ይሞላል። ወዴላው ያምራል፣ ግላሱ ያምራል። ጉግስ ሲጀመር አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ዘንግ ይዞ ያባርራል። የሸሸው በጋሻው ይመክታል።

በአዊ ደግሞ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ይሰበሰባሉ። ማኅበራቸው በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። በዓሉ በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶች ያስታውሳል። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። በዚያ ዘመን ጀግና የሚጠራው በፈረሱ ስም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። ፈረስ ስሙን ለጌታው አውርሷል ማለት ነው።

ነገር ግን ጉግስና መንገድ አንድ አይደሉም። ጉግስ ፍጥነት ነው። መንገድ ችሎ መቆየት ነው። በጉግስ አንደኛ የሆነው ፈረስ ከመሐል ሜዳ ግሼ ራቤል ሲደርስ ላይደላው ይችላል።

መጋቢት፤ ጀርባ

በመጋቢት ሣር ያልቃል። ፈረስ ይከሳል። ጀርባው ሲከሳ በመስከረም ልክ የነበረው ኮርቻ ልክ መሆኑ ይቀራል። እንጨቱ አከርካሪውን ይነካል፤ ይልጠዋል። በዚህ ወር በገበያ ስንት ቁስለኛ ጀርባ አየን!

መላው ከባድ አይደለም። ከኮርቻው ሥር ያለው ድልድል ይወፍር። ሁለቱ ጎን ብቻ ክብደቱን ይሸከም፤ አከርካሪው አየር ያግኝ። እርጥብ ድልድል አይጫን። የቆሰለ ጀርባ በፈላና በቀዘቀዘ የጨው ውሃ ይታጠብ፤ እስኪድን ኮርቻም ጭነትም አይንካው። «ዛሬን ብቻ» ብሎ የጫነ ሰው ወር ሙሉ በእግሩ ይሄዳል።

ሐምሌ፤ ጭቃ

በሐምሌ አንድ ሌሊት አንዲት ሴት ምጥ ጠናባት። ዝናቡ አላባራም። መንደሩ ከመኪና መንገድ ሩቅ ነው። ስልክ የሚሰማው ከጉብታው ማዶ ብቻ ነው። አንድ ሰው ፈረስ ሊጭን ተነሳ። አንድ ሽማግሌ ከለከሉት።

«አያ፣ ፈረሱን ተወው፤ በዚህ ጭቃ ቁልቁለቱ ላይ ይንሸራተታል። ልጁ ይሩጥ» አሉ።

«አባባ፣ ጨለማ ነው እኮ!» አለ ሰውየው።

«እሱ መንገዱን በእግሩ ያውቀዋል። በየቀኑ ለትምህርት ይሮጥበት የለም?»

ልጁ ሮጠ። ደውሎ አምቡላንስ አስጠራ። ወንዶቹ ሴትዮዋን በቃሬዛ ተሸክመው እየተቀባበሉ ወረዱ። መኪናው መንገዱ ላይ ጠበቃቸው። እናትም ሕፃንም ተረፉ።

ከዚያ በኋላ በመንደሩ ክርክር ተነሳ። በሩቅ መንገድ ሰው ይበልጣል ወይስ ፈረስ? ይህ ክርክር በሌላ አገርም ተነስቷል። ዌልስ በሚባል የእንግሊዝ ጎረቤት አገር በመጠጥ ቤት ተከራክረው፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ሰውና ፈረስ አወዳደሩ። መንገዱ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገትና ቁልቁለት ነው። ለብዙ ዓመት ፈረስ አሸነፈ። በ2004 ግን አንድ ሯጭ ፈረሶቹን ሁሉ ቀደመ። እንግዲህ ሜዳ ላይ ሰው ፈረስን አይደርስበትም። መንገዱ ሲረዝም፣ ሲገደልና ሲሞቅ ግን ልዩነቱ ይጠባል።

የእኛን አገር ሯጮችም እናስታውስ። አበበ ቢቂላ የተወለደው በሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ በሚባል መንደር ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸነፈ። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ጨረሰ። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ደገመው። ጌጤ ዋሚም ከደብረ ብርሃን አጠገብ ከጫጫ የወጣች ናት። በ1991 ዓ.ም. በስፔን አገር በ10000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ሁለቱም የደጋ ልጆች ናቸው።

ልብን መቁጠር

ዓመቱ ካስተማረን ሁሉ አንዱን እንምረጥ። ፈረስ «ደከመኝ» አይልም። ልቡ ግን ይናገራል። በውጭ አገር ፈረሶች በአንድ ቀን 160 ኪሎ ሜትር የሚሄዱበት ውድድር አለ። በየማረፊያው ሐኪም የልባቸውን ምት ይቆጥራል። በብዙ ውድድሮች ምቱ ዕረፍት ላይ ወደ 64 ካልወረደ ፈረሱ መንገዱን አይቀጥልም።

ይህን እኛም ማድረግ እንችላለን። እጃችሁን ከፈረሱ ግራ ክንድ በስተኋላ፣ ደረቱ ላይ አድርጉ። ለ15 ሴኮንድ ምቱን ቁጠሩ። ቁጥሩን በ4 አባዙ። 10 ከቆጠራችሁ 40 ነው፤ ያረፈ ፈረስ ነው። 16 ከቆጠራችሁ 64 ነው። ሩብ ሰዓት ያህል አርፎም ከ16 በላይ ከሆነ ፈረሱ ገና አልተመለሰለትም። ኮርቻውን አውርዱ፣ ውሃ ስጡ፣ ጥላ ፈልጉ። የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ልቀቁት። ወዲያው ካልተመለሰ ውሃ ጠምቶታል። አንድ ፈረስ በቀን ከ25 ሊትር ያላነሰ ውሃ ይፈልጋል።

ስለ ፈረሱ የተነገረው ለሯጩም ይሆናል። በሶ በጥብጦ መጠጣት፣ ውሃ ማብዛት፣ ሲደክም ማረፍ ደካማነት አይደለም። ያ ልጅ በሐምሌ ሌሊት የደረሰው በአንድ ቀን ጉልበት አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ ቀስ እያለ በለመደው እግር ነው።

በመጪው ዓመት መንገዱ ያው ነው። ጀማም እዚያው ነው፤ ውርጩም ይመጣል፤ በመጋቢትም ሣር ያልቃል። በመጪው መስከረም ኮርቻ ከመጫናችሁ በፊት የፈረሳችሁን ጀርባ በእጃችሁ ዳስሱ። ክትባት የሚሰጥበትን ቀን ጠይቃችሁ በወረቀት ላይ ጻፉ። ማንበብ ለቻለ ጎረቤት ይህን ጽሑፍ አውሱት፤ ላልቻለው አንብቡለት።

መልካም አዲስ ዓመት!