ስለ ልጅሽ ትምህርት፣ ከቨርጂኒያ

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

    እዚህ የአጎታችን ልጅና ቤተሰቡ እንደ ወንድም አስተናግደውኛል።

ልጅሽ «አሜሪካ ሄጄ ኮምፒዩተር ኢንጂነሪንግ ልማር» ብሎ ከተነሳ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጣሽ ስለማውቅ፣ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስጠይቅ ከረምኩ።

ልጁ ሙያውን በመመኘቱ አልፈርድበትም። ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወጣ እንዳልሽ በአሽበርን በኩል ግዙፍ ሕንፃዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ዳታ ሴንተር ናቸው። ላውደን ካውንቲን ያህል ዳታ ሴንተር የተከማቸበት ቦታ በዓለም ላይ የለም። አርሊንግተን ውስጥ ደግሞ አማዞን ሁለተኛ ዋና መሥሪያ ቤቱን በ2023 ከፍቷል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የኮምፒዩተር ሃርድዌር መሐንዲሶች መካከለኛ ደመወዝ በ2024 በዓመት 155,020 ዶላር እንደነበር አስፍሯል። ልጅሽም ያሳየሽ ይህንኑ ቁጥር ሳይሆን አይቀርም።

ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ ሃያ ዓመት የሠራውም አለ። የጀማሪውን ማወቅ ከፈለግሽ የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ የሚያወጣው መረጃ ይሻላል። የ2023ቱን ያየሽ እንደሆነ፣ በኮምፒዩተር ኢንጂነሪንግ አዲስ የተመረቀ ሰው መካከለኛ ደመወዝ በዓመት 80,000 ዶላር ነው፤ ከሁሉም የትምህርት ዘርፎች ከፍተኛው ተርታ ላይ ማለት ነው። በዚያው ሰንጠረዥ ላይ የእነዚሁ ተመራቂዎች የሥራ አጥነት መጠን 7.5 በመቶ ነው፤ እሱም ከከፍተኞቹ አንዱ ነው። ሥራ ያገኘው ጥሩ ይከፈለዋል፤ ያላገኘው ደግሞ ቀላል ቁጥር አይደለም። አማዞን እንኳ በ2023 መጀመሪያ ላይ ከ18 ሺህ በላይ ሠራተኛ እንደሚቀንስ አስታውቆ ነበር። 80,000ውም ቢሆን ግብሩ ተቆርጦ እጅ ላይ የሚደርሰው በወር ወደ 5,000 ዶላር ነው፤ በዚህ አካባቢ አንድ መኝታ ቤት ያለው አፓርትመንት 2,000 ዶላር ገደማ ይወስድበታል።

ለትምህርቱ የሚገባበት ዕዳ የሚመዘነው ከዚያ በሚተርፈው ገንዘብ ነው።

የአጎታችንን ልጅ ሴት ልጅ በዚሁ ትምህርት ሁለት ቦታ ተቀብለዋት ነበርና አንድ ምሽት ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አየናቸው። አንደኛው ስመ ጥር የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። «የገንዘብ እርዳታ» ብሎ የላከው ደብዳቤ የማይመለሰውን ስጦታና የሚመለሰውን ብድር አንድ ላይ ደምሮታል። አባትየው ድምሩን አይቶ ደስ ብሎት ነበር። መስመር በመስመር ስንለየው አብዛኛው ብድር ሆኖ ተገኘ። እህቴ፣ ይህ በጣም አናደደኝ። ሌሊት ታክሲ እየነዳ ልጁን ያሳደገ ሰው ዕዳ ሲሰጠው እርዳታ ነው ሊባል አይገባም።

የመንግሥት ብድር ገደብ አለው። በወላጅ ሥር የምትተዳደር ተማሪ የመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ ሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 7,500 ዶላር መበደር ትችላለች። በአራት ዓመት 27,000 ይሆናል። በ2025/26 ወለዱ 6.39 በመቶ ነው፤ በአሥር ዓመት ልክፈል ብትል በወር ወደ 305 ዶላር ይደርሳል። ከ5,000 ላይ 305 መክፈል ይቻላል፤ ሥራው ቢዘገይም አይገድልም። ያ የግል ዩኒቨርሲቲ ግን 120,000 ገደማ ያስበድራል፤ ከመንግሥት ብድር የሚበልጠው የሚመጣው ከግል ባንክ፣ አባትየው ዋስ ሆኖ ነው። ሁሉም በ10 በመቶ ወለድ ቢታሰብ 120,000 ዶላር በወር 1,586 ዶላር ያስከፍላል፤ በአሥር ዓመት ከ190 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ልጅቷ ሥራ ብታጣ ባንኩ የሚመጣው ወደ አባቷ ነው።

እሷ የመረጠችው ሁለተኛውን መንገድ ነው። ሁለት ዓመት ኖቫ በሚሉት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያ ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተዛውራ ትጨርሳለች። የኖቫ የዓመት ክፍያ ከ7,000 ዶላር በታች ነው፣ የምትኖረውም ከቤተሰቧ ጋር ነው። ቀጣሪ የሚጠይቃት ምን ሠርታ እንዳሳየችና የት ተለማማጅ ሆና እንደሠራች ነው። ብልህ ልጅ ናት፤ ኮራሁባት።

የልጅሽ ጉዳይ ግን ከእሷ ይለያል። በተማሪ ቪዛ ለሚመጣ ሰው ያ የመንግሥት ብድር የለም፤ የነዋሪ ዋጋም አይመለከተውም። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ለግዛቱ ነዋሪ በዓመት ወደ 12 ሺህ ዶላር የሚያስከፍለውን ለሌላው ከ40 ሺህ በላይ ያስከፍላል። የግል አበዳሪ ብዙ ጊዜ እዚህ አገር የሚኖር ዋስ ይፈልጋል። ከተመረቀ በኋላ በዚህ ሙያ ሦስት ዓመት ያህል መሥራት ይፈቀድለታል፤ ከዚያ ኤች ዋን ቢ የሚሉት የሥራ ቪዛ በዕጣ ነው። ዕጣው ካልወጣለት የዶላር ዕዳ ተሸክሞ ወደ ብር ደመወዝ ይመለሳል። ብር ደግሞ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀበት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምን ያህል እንደረከሰ አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂያለሽ።

እዚያው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ በመንግሥት ተመድቦ ቢማር ያለበት ዕዳ ወጪ መጋራት ነው፤ በብር ነው፣ ከደመወዙ በየወሩ ተቆርጦ ያልቃል። ጥሩ ውጤት ካመጣ ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ዲግሪ ይምጣ። በኢንጂነሪንግ ዶክትሬት ለሚማሩ ክፍያው ብዙ ጊዜ ይነሳላቸዋል፣ ለኑሮም አበል ይሰጣቸዋል። እዚህ ያገኘኋቸው፣ ኑሯቸው የተደላደለ የአገራችን መሐንዲሶች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው።

ስለዚህ እህት ዓለም፣ ሙሉ የትምህርት ዕድል ካገኘ በደስታ ላኪው፤ ትኬቱን እኔ እችላለሁ። በብድር ከሆነ ግን ቤቱን ለባንክ እንዳታስይዙ። ይህን ደብዳቤ ለራሱ ስጪው፤ ሒሳቡን በእጁ ይሥራውና ይደውልልኝ።

ወንድምሽ